ቀላ አድርገኝ

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ጉርድ ፎቶ ያስፈለገው ሰው የሚሄደው ሸዋንግዛው ዘንድ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከልብስ ሰፊው ከማቴዎስ ቤት ጎን፣ ባለ አንድ በር ክፍል ነበረችው። ከኋላ ሐይቅና ተራራ የተሳለበት መጋረጃ፣ ከፊት አንድ ዱካ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በፎጣ የተሸፈነ ላፕቶፕ። በዚያ ዱካ ላይ ተቀምጦ «አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ» ያልተባለ የከተማው ሰው ማግኘት ይቸግር ነበር።

አባቱ በመምህርነት ተመድበው ከሰሜን ሸዋ የመጡ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ እዚሁ አደገ። ፎቶ ማንሳት ያስተማረው ጋሽ ካሣዬ የሚባል ሽማግሌ ነበር። በዚያን ጊዜ ፊልሙ በአውቶቡስ ጅማ ሄዶ ታጥቦ እስኪመለስ ሳምንት ይፈጃል። መንገዱ በጭቃ ሲያዝ ከዚያም ይብሳል። ሰው መናኸሪያ ቆሞ የገዛ ፊቱን ከጅማ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። ሸዋንግዛው ይህን ባስታወሰ ቁጥር ብቻውን ይስቃል። ግን ፊታቸው ሳይደርስላቸው የሞቱ ሰዎችም ነበሩ።

በ2001 ዓ.ም. ያገለገለ ላፕቶፕና ፎቶ የሚያትም ፕሪንተር ገዝቶ ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ደንበኛው የኮሌታውን ቁልፍ ሳይፈታ ፊቱ ስክሪኑ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ሸዋንግዛው ሰው ከሄደም በኋላ ቁጭ ብሎ የማያውቃቸውን ፊቶች ያይ ነበር። የእንጨት ነጋዴ ግንባር፣ የነርስ ዓይን፣ ለክስ ከማጂ የመጣ ገበሬ ጉንጭ። ብርሃን በአንዱ ፊት ላይ እንደ ማር ፈሶ፣ በሌላው ላይ ዝናብ እንደጠጣ አፈር ሰርጎ ሲታይ፣ ሰው ይህን ሁሉ ይዞ ገበያ መሀል ሲሄድ እንዴት ቆም ብዬ አላየሁትም ይል ነበር።

ታዲያ ከላፕቶፑ ጋር አንድ ልማድ አብሮ መጣ፤ ማቅላት። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ፎቶ በሚያስተካክልበት ፕሮግራም ውስጥ መስመር ላይ የምትንሸራተት ነጥብ አለች፤ ወደ ቀኝ ሲገፏት ፊት ይፈካል። ሙሽራዋ «ቀላ አድርገኝ» ትላለች። ፖሊሱ ጓደኞቹ እስኪወጡ ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትንሽ ቀላ» ይላል። ሸዋንግዛው ነጥቧን ይገፋል፤ ባለቤቱ ተደስቶ ይሄዳል። ማንም ተጎዳሁ ብሎ የመጣ አልነበረም።

ሚስቱ አጸደ ምሳውን ይዛለት ስትመጣ በር ላይ ቆማ ታየዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ አያያዝህ ሚዛን ውስጥ ጠይም ሰው ልታጠፋ ነው።»

«የጠየቁኝን ነው የምሰጣቸው።»

«እኔንስ መቼ ነው የምታቀላኝ?»

ማቴዎስ ከጎረቤት የስፌት መኪናውን መርገጡን አቁሞ ይገባበታል። «አንቺን ለማቅላት ጄኔሬተር ያስፈልገዋል፣ አጸደ። በዚህ መብራት አይሆንም።»

«ዝም ብለህ ሱሪህን ስፋ። ደግሞ ባለፈው ለጋሽ እከሌ አንዱን እግር አሳጥረህበት እያነከሰ ነው አሉ።»

እንዲህ እየተባባሉ ይስቁ ነበር።

በጥር ወር ላይ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ለፈተና ፎርም ፎቶ ሊነሱ ይመጣሉ። ከእነሱ አንዷ ሐሴት ነበረች፤ መናኸሪያ በር ላይ ሙዝ የምትሸጠው የሰርካዲስ ልጅ። ቀጭን፣ ረዘም ያለች፣ ጠይም ልጅ። አረንጓዴ የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሳ ከዱካው ላይ ተቀመጠች። ካነሳት በኋላ ጓደኞቿ ሲወጡ እሷ ወደ ኋላ ቀረች።

«ጋሼ፣ ቀላ አድርገኝ።»

«ምን አጥተሽ ነው? እንዲሁ ታምሪያለሽ እኮ።»

«ዝም ብለህ አድርገኝ በናትህ። የእማዬን መልክ ነው የወረስኩት።»

ይህን ስትል እየሳቀች ነበር፤ በድምፅዋ ውስጥ ጥላቻ አልነበረም። ዝናብ ሊዘንብ ነው እንደማለት ያህል ነው የተናገረችው። ሸዋንግዛውም ነጥቧን ገፋ። ልጅቱ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች፤ ፊቷ ከስክሪኑ በሚመጣው ብርሃን ፈካ። «እሷን እያት» አለች፣ ሌላ ሰው ያየች ይመስል። ሸዋንግዛው የቀላውን ፎቶ በፊተኛው ላይ ደርቦ አስቀመጠው፤ ሁልጊዜም እንዲያ ነው የሚያደርገው። የካሜራውን ካርድም ለሚቀጥሉት ልጆች ባዶ አደረገው፤ ያልቀላው ፎቶዋ የትም አልቀረም።

ፈተናው ሳይደርስ፣ በሚያዝያ፣ ሐሴት ሞተች። ትኩሳት ያዛት፤ ወባ ነው አሉ፤ ሐኪም ቤት ገብታ አልወጣችም። ሸዋንግዛው ቀብሯ ላይ ቆሞ ነበር። ጓደኞቿ አረንጓዴ ሹራባቸውን እንደለበሱ ዝናብ ውስጥ ቆመው ሲያለቅሱ፣ የሹራቡ ቀለም በውኃ ጠቁሮ ሲታይ፣ ዓይኑን መሬት ላይ አደረገ።

ሰርካዲስ ወደ ስቱዲዮው የመጣችው የልቅሶው ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ጸጉሯ ተላጭቷል። በሩ ላይ ቆማ፣

«ልጄ አንተ ጋ አለች አሉኝ» አለች።

ሸዋንግዛው ከመቀመጫው ተነሳ። «ግቢ እቴ፣ ግቢ። ቁጭ በይ።»

«ለአርባዋ ትልቅ ፎቶ እንድታወጣልኝ ነው። ቤት ያለው ክርስትና የተነሳች ዕለት የተነሳችው ብቻ ነው። ያን ጊዜ ዓይኗም በቅጡ አልተገለጠም።»

የሰርካዲስ ስልክ ፎቶ የማያነሳ፣ በላስቲክ የታሰረ ስልክ ነበር። ልጅቱ ጉርዱን ፎቶ ተቀብላ ሁሉንም ለትምህርት ቤት ሰጥታለች፤ ለእናቷ አላሳየቻትም። ስለዚህ ሸዋንግዛው ላፕቶፑን ሲከፍት ሰርካዲስ ያን ፎቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየችው።

ጎንበስ ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ሹራቡ የእሷ ነው» አለች በመጨረሻ። «አንገቱ ጋ በመርፌ የጠቀምኩት እኔ ነኝ፤ ይኸው ይታያል። ፊቱ ግን የማን ነው?»

«ሐሴት ናት እኮ።»

«ሐሴት እንዲህ አይደለችም። ልጄን አላውቃትም እንዴ? ማን ነው እንዲህ ያነጣት?»

ሸዋንግዛው መልሱን ያውቀዋል። አፉ ላይም ደርሶ ነበር። ነገር ግን የሴትየዋን ፊት አየ፤ ሰፊ ግንባሯን፣ ለቅሶ የቦረቦረውን ጉንጯን፣ ያንን ሞቅ ያለ ጠይም መልኳን። ልጅሽ አንቺን መምሰል አልፈለገችም ብሎ መናገር እንዴት ይቻላል?

«ስክሪኑ ነው» አለ። «ቀለሙ ተበላሽቶ ነው። ሰው ሁሉ ነጥቶ ነው የሚታይበት።»

«እንግዲያው አስተካክለው» አለችና ዱካውን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

የራሱ ቃል አሠረው። ፎቶውን ሳይሆን ስክሪኑን ማስተካከል ነበረበት። የስክሪኑን ቀለም የሚያስተካክለውን ገጽ ከፍቶ ከልጅቱ ፊት ጎን አቆመው። ሦስት መስመሮች አሉ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ከበላያቸው የብርሃኑ መስመር። ይህ ገጽ ፎቶውን አይነካም፤ የሚለውጠው ዓይን የሚያየውን ብቻ ነው፣ ባለ ቀለም መነጽር እንደማድረግ። ሸዋንግዛው ይህን ያውቃል። እሷ ትሂድለት እንጂ ወረቀቱን በኋላ ብቻዬን እደርስበታለሁ ብሎ አሰበ።

ብርሃኑን ዝቅ አደረገ። ፊቱ ደበዘዘ።

«እንዲህ አይደለም። አመድ የነፉባት አስመሰልካት።»

ሰማያዊውን ቀነሰ። ቀዩን ጥቂት ከፍ አደረገ። በልጅቱ ጉንጭ ላይ እንደ ምሽት ያለ ነገር ወረደ፤ ከዚያ ሙቀት ገባበት። ሰርካዲስ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«መለስ አድርገው። ትንሽ። አይ፣ አለፍከው። ትንሽ ብቻ።»

ነጥቧን በጣቱ ጫፍ ትንፋሹን ይዞ ነካት።

«ተው» አለች። «አትንካው። መጣች።»

መጋረጃው ላይ የተሳለው ሐይቅ ቡና መስሎ ነበር። የሸሚዙ ነጭ ኮሌታ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል። ከፊቱ በቀር የስክሪኑ ነገር ሁሉ ተበላሽቷል። ሰርካዲስ ግን ፊቱን ብቻ ነው ያየችው። እጇን ዘርግታ ስክሪኑን በአይበሉባዋ ነካች፤ የልጅ ትኩሳት የምትለካ ይመስል። ሸዋንግዛው ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ። ሦስት መስመርና አንድ ብርሃን ሰው ሊመልሱ መቻላቸው ገረመው፤ አስፈራውም።

ከዚያ «አውጣልኝ» አለችው።

ፕሪንተሩ እየጮኸ ወረቀቱን ተፋ። ሸዋንግዛው የሚወጣውን ስለሚያውቅ ዞር ብሎ አላየም። ፕሪንተር ስክሪኑን አያውቅም፤ ፎቶውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ወረቀቱ ላይ የወጣችው ያችው ቀይዋ ልጅ ነበረች።

«ይሄ ደግሞ ያቺን አመጣት» አለች ሰርካዲስ፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ እንደያዘች። «እዚያ ውስጥ ያለችው የኔ ናት። ይቺ አይደለችም።»

«ትንሽ ቀን ስጪኝ፣ እቴ።»

ማታ እራት ላይ ለአጸደ ነገራት።

«እውነቱን አትነግራትም እንዴ?» አለች አጸደ።

«ምን ብዬ? ልጅሽ አንቺን መምሰል ጠልታ ነው ብዬ?»

«ልጅ ነበረች። የልጅ ነገር ነው። ሁላችንም ብለነዋል።»

«የሞተ ልጅ ነገር የልጅ ነገር አይሆንም» አላት።

ከዚያ ወዲያ ሰርካዲስ በየማለዳው መናኸሪያ ከመሄዷ በፊት ትመጣ ነበር። የሙዝ ቅርጫቷን በሩ ላይ ታወርድና፣ «ክፈትልኝ» ትላለች። ይከፍትላታል። ቆማ ታያለች፤ አንዳንዴም ታወራታለች። ዛሬ ከቴፒ የሚመጣው መኪና እንደዘገየ፣ የጎረቤት ላም እንደወለደች። ከዚያ ቅርጫቷን ተሸክማ ትሄዳለች። በቀለም ማስተካከያው ገጽ ታች ሁሉንም ወደ ነበረበት የሚመልስ ቁልፍ እንዳለ ሸዋንግዛው ያውቃል። መስመሮቹ ላይ ግን ቁጥር የለም። አንዴ ከመለሰው ያችን ቦታ ዳግመኛ ላያገኛት ይችላል። ይህን ነግሯት ስለነበር እሷም ስትወጣ ሁልጊዜ፣ «እንዳትነካብኝ፣ ጋሽ ሸዋ» ትለዋለች።

አልነካውም። ሥራው ግን ተበላሸ። ስክሪኑ ስለጨለመ የሰው ፊት ሁሉ ጠቁሮ ይታየዋል፤ ሳያውቀው ያፈካዋል፤ ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ልለምደው እችላለሁ ብሎ በግምት ሞከረ። አልሆነም። አንድ የአማን ሹፌር የመንጃ ፈቃድ ፎቶውን ይዞ ተመልሶ መጣ።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኔ ነኝ ወይስ ፈረንጅ ነው? ትራፊኩ ቢያስቆመኝ ምን ልለው ነው?»

ማቴዎስ ደግሞ የጋብቻ ፎቶ አይቶ፣ «ሸዋ፣ ሙሽሮቹን ወፍጮ ቤት ነው ያነሳሃቸው?» አለ። ሸዋንግዛው እንደ ወትሮው አልሳቀም። ማቴዎስ ፊቱን አየውና ፎቶውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?»

ነገረው። ማቴዎስ የመስፊያውን ሜትር ከአንገቱ አውርዶ ሲጠቀልል ቆየ።

«ስክሪኑን ራሱን ለምን ፎቶ አታነሳውም?» አለ።

ጥሩ ሐሳብ መሰለ። ሸዋንግዛው በሩን ዘግቶ፣ መብራት አጥፍቶ፣ ካሜራውን ስክሪኑ ፊት ደቅኖ አነሳ። ሲያትመው በልጅቱ ፊት ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጫጭን መስመሮች ወርደዋል፤ ልክ ከዝናብ ጀርባ የቆመች ይመስላል። በግራ ጉንጯ ላይ ደግሞ የእሱ የራሱ ጭንቅላት ነጸብራቅ አርፏል። ለሰርካዲስ አላሳያትም።

አርባው ቀረበ። ድግሱ እየተሰናዳ ነው፤ ቄሱ ተነግሯቸዋል፤ የሰርካዲስ አጎት አቶ ገሠሠ ከማሻ እንደሚመጡ መልእክት ልከዋል። ፎቶው የሚቆምበት ቦታ እንኳ ተመርጧል፤ ከመስኮቱ አጠገብ፣ የሐሴት ደብተሮች ከተደረደሩበት መደርደሪያ በላይ። ባዶ ግድግዳ ይዘው እንግዳ ሊቀበሉ ነው።

ሸዋንግዛው በመጨረሻ ስክሪኑን ትቶ በወረቀት ብቻ ሊሄድ ወሰነ። የልጅቱን ፎቶ ራሱን ማጥቆር ጀመረ፤ ጥቂት አጥቁሮ በትንሹ ያትማል፣ ጥቂት ጨምሮ ያትማል። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሐሴትን በረድፍ በረድፍ አሰፈራት። ከላይ ከቀዩ ይጀምራል፤ የቀይ ዳማ ይሆናል፤ ጠይም ይሆናል፤ ታች ጥግ ላይ ጠቁሮ ዓይኗ ብቻ ይቀራል። ሁሉም በአንድ ዓይነት አንገት፣ አንገቱ ጋ በተሰፋው በዚያው ሹራብ ሆነው ያዩታል። ከሥራው ሲነሳ ራሱ የትኛዋን እንዳነሳ ተምታታበት።

ማለዳ ሰርካዲስ ስትመጣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት።

«ከነዚህ ውስጥ አለች፣ እቴ። እሷን ብቻ ምረጪልኝና በትልቁ አወጣልሻለሁ።»

ጣቷን በረድፉ ላይ አሳለፈች። ቆመች። «ይቺ» አለች። ቀና ብላ አሰበች። «አይ። ይቺኛዋ።» እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ከወረቀቱ ጎን አጋደመችው። «ከኔ ትንሽ ፈካ ትል ነበር። ፀሐይ ስትመታት ደግሞ እኩል እንሆናለን።» ከዚያ ወረቀቱን ይዛ ወደ በሩ ወጣች። ደጁ ላይ ብርሃን ነበር፤ የመረጠቻት ልጅ ውጭ ሌላ ሆነች። ሌላ መረጠች። ወዲያው ከአማን በኩል ደመና መጣና መንገዱን ሁሉ ሸፈነው፤ ያችኛዋም ጠፋች።

ተመልሳ ገባች። «ስክሪኑን ክፈተው» አለች።

ከፈተው። እንዳልነካው ነበር። መስመሮቹ ባሉበት ናቸው፣ ሐይቁ ቡና እንደመሰለ ነው፣ ፊቱም ያው ነው። ሰርካዲስ ጎንበስ ብላ አየች። እንደ ወትሮዋ እጇን አልዘረጋችም።

«ይቺም አይደለችም» አለች።

«እንዴ፣ እሷው ናት እኮ። ምንም አልነካሁም። ማርያምን።»

«አልነካህም። አውቃለሁ።» ዱካው ላይ ተቀመጠች። «ትናንት እሷ ነበረች። አሁን ትሁን አትሁን አላውቅም። ብዙ አሳየኸኝ። የቷ እንደነበረች ጠፋኝ።»

ሸዋንግዛው እጁን ከላፕቶፑ ላይ አነሳ።

«የወለድኳት እኔ ነኝ» አለች፣ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ሁሉ በዓይኗ እየዞረች። «አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ፊቷን አይቻለሁ። ዓይኔን ስጨፍን አፍንጫዋ ይመጣል፣ ጥርሷ ይመጣል። ቀለሙ አልመጣም አለኝ።»

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። ማቴዎስ የበሩን ዕቃ እያስገባ ነው፤ የመኪናው ድምፅ ቆሟል። ሰርካዲስ ስክሪኑን ሳታይ፣

«ይሄ ነገር የተበላሸ አይደለም፣ አይደል?» አለች።

«ምኑ?»

«ስክሪኑ። ሌላ ሰው ሲነሳ አይቻለሁ። ሁሉም እየለመነህ ነው የሚቀላው። እሷ ናት ያለችህ።»

አሁን ሊዋሽ አልቻለም። «አዎ» አለ።

«ምን አለች?»

«ቀላ አድርገኝ አለች።»

«ሌላስ?»

ሸዋንግዛው የላፕቶፑን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ጠረገ። «ሌላ ምንም አላለችም።»

ሰርካዲስ ፊቱን አየችው። ያመነችው አይመስልም። ግን አልገፋችም።

«አልጋዋ ሥር ሳሙና ነበራት» አለች። «ከጅማ በሰው ታስመጣለች። ፊት የሚያቀላ ነው ይላሉ። የማላውቅ መስያት ነበር፣ እንዳታፍር ብዬ። ከሞተች በኋላ አወጣሁት፤ ግማሽ ደርሷል።» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች። «ስንቴ ታጥባበት፣ ስንቴ ተስፋ አድርጋ ይሆን።»

«እቴ፣ ይቅር በይኝ።»

«አንተን ምን ብዬ። እሷን ደስ አሰኝተሃታል። ደስ ብሏት ነበር?»

«ደስ ብሏት ነበር።» ይህ እውነት ነበርና ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «ጎንበስ ብላ አይታ፣ ‹እሷን እያት› አለች።»

ሰርካዲስ ይህን ሰምታ ፊቷ ተኮማተረ፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልታወቀም። ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንስታ በጥንቃቄ አጠፈችና መልሳ ሰጠችው።

«የፊተኛዋን አውጣልኝ» አለች። «ቀይዋን።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ከነዚህ ሁሉ የኔን መምረጥ አቃተኝ። እሷ ግን መርጣለች። በራሷ አፍ። ሌላ ከእሷ የቀረኝ ቃል የለም፤ ትኩሳቱ ከያዛት ወዲያ አልተናገረችም።»

ሸዋንግዛው ትልቁን ወረቀት ፕሪንተሩ ውስጥ አስገባ። ከመስመሮቹ ግርጌ ያለውን ቁልፍ ነካ፤ ስክሪኑ አንዴ ብልጭ አለና ሐይቁ ሰማያዊ ሆነ፣ ኮሌታው ነጣ፣ የልጅቱም ፊት ቀላ። ፕሪንተሩ ቀስ በቀስ ግንባሯን፣ ከዚያ ዓይኗን፣ ከዚያ አገጯን አወጣ። ሰርካዲስ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች። ዝናቡ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጣት። ፎቶውን በነጠላዋ ውስጥ አቅፋ፣ የሙዙን ቅርጫት በሌላ እጇ ይዛ ወጣች። እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኑ ሸኛት።

የአርባው ዕለት ከአጸደና ከማቴዎስ ጋር ሄደ። ከቤቱ ፊት ድንኳን ተተክሏል፤ ሰው ሞልቷል። ፎቶው መስኮቱ አጠገብ፣ ጥግ ላይ ጥቁር ጨርቅ ታስሮበት ቆሟል። ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ሲገባ አየት እያደረገው ያልፋል። አንዳንዶቹ ቆም ይላሉ፣ ይተያያሉ። ከሐሴት ጓደኞች አንዷ ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተመልሳ ወጣች። ሸዋንግዛው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ።

ሰርካዲስ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዛ እንግዳ ታስታጥብ ነበር። ሌሎች ሴቶች ልንቀበልሽ ቢሏት እምቢ ብላለች። አጎቷ አቶ ገሠሠ ዘንድ ስትደርስ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ወደ ፎቶው ቀና አሉ። ከማሻ ማለዳ ነው የደረሱት፤ ልጅቱን ያዩዋት ሕፃን ሳለች ብቻ ነው።

«እንዲህ ቀይ ነበረች እንዴ?» አሉ።

አጸደ የባሏን ክንድ ያዘች። ሰርካዲስ ውኃውን ማፍሰሷን አላቆመችም።

«አዎ» አለች። «ቀይ ነበረች።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷም ሳህኑን አስተካክላ ወደሚቀጥለው ሰው፣ ወደ ሸዋንግዛው ዞረች። እጁን ዘረጋ። ለብ ያለ ውኃ በጣቶቹ መሀል ወረደ። ቀና ብሎ ሊያያት ሞከረ፤ እሷ ግን የምታየው ውኃውን ነበር። ማንቆርቆሪያው ባዶ ሆኖ ጠብታው እስኪያቋርጥ ድረስ እጁን ከሳህኑ በላይ እንደዘረጋ ቆየ።